ስኮትላንዳዊን «እንግሊዝ» ብሎ መጥራት፦ ምን አጠፋሁ?

ሰላም_ኤደንብራ

ሰላም ለሁላችሁ። ኤደንብራ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ለአንድ ሽማግሌ ሻይ ሳቀርብላቸው «እናንተ እንግሊዞች ሻይ ስትወዱ!» አልኳቸው። ለጨዋታ ያህል ነበር። ሰውየው ኩባያውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ እንግሊዝ አይደለሁም» አሉኝ። አልተቆጡም። ግን የቀረውን ሻይ ሳይጠጡት ተኙ።

ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። አገር ቤት እያለሁ ሁሉም «እንግሊዝ» ነበር። አክስቴ ዛሬም ስለ እኔ ስትጠየቅ «እንግሊዝ አገር ናት» ነው የምትለው። ፓስፖርታቸው አንድ ነው። ንጉሣቸው አንድ ነው። የሚናገሩትም እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የምታውቁ አስረዱኝ። እሳቸውን ዳግመኛ ማስከፋት አልፈልግም።

የግላስጎው_ነዋሪ

እህቴ አይዞሽ፣ ሁላችንም ብለነዋል። እኔ እዚህ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ታክሲ ውስጥ ብዬው፣ ሹፌሩ እስክወርድ ድረስ ሲያስረዳኝ ነበር።

እንግሊዝ አንድ አገር ናት። ስኮትላንድ ሌላ ናት። ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ሲጨመሩ ዩናይትድ ኪንግደም ይሆናል። በአማርኛ እኮ «ታላቋ ብሪታንያ» የሚል ጥሩ ቃል ነበረን። ስንቸኩል እንግሊዝ እያልን ለመድነው።

ሁለቱ መንግሥታት አንድ የሆኑት በ1707 ነው። ከዚያ በፊት በ1603 ዘውዱ አንድ ሆኗል፣ ፓርላማዎቹ ግን ለየብቻ ነበሩ። በ1707 የስኮትላንድ ፓርላማ ሲዘጋ ሦስት ነገሮች አልተነኩም፦ ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ። እነዚህን ሦስቱን ያዢልኝ። ለ300 ዓመት ያህል ስኮትላንድን ስኮትላንድ አድርገው ያቆዩት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ከባድ ወንጀል ሲዳኝ የጁሪው ቁጥር እዚህ 15 ነው፣ እንግሊዝ 12። ንጉሡ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ነው፤ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ግን ንጉሡን በላዩ አልሾመም። ልጆች የሚፈተኑት ፈተና ሌላ ነው። ገንዘቡን ደግሞ በቦርሳሽ ታገኚዋለሽ፤ እዚህ ሦስት ባንኮች የራሳቸውን ኖት ያትማሉ። እኔ አንዴ ለንደን ውስጥ በአንድ ሱቅ የስኮትላንድ 20 ፓውንድ አልቀበልም ተብዬ ዕቃዬን ትቼ ወጥቻለሁ። ያን ቀን እኔም ስኮትላንዳዊ ሆኜ ነው የተናደድኩት።

ጋሽ_መምህር

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይቺ ጥያቄ ደስ ስላለችኝ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መያዝ ያለበት ነገር፣ ስኮቶች አንድ ዘር ሆነው አያውቁም። በሰሜንና በምሥራቅ ፒክቶች ነበሩ። በምዕራቡ ዳርቻ ከአየርላንድ ሰዎች ጋር ቋንቋ የሚጋሩ ጌሎች ነበሩ። በክላይድ ወንዝ ዙሪያ የዌልሶች ዘመድ የሆኑ ብሪቶኖች ነበሩ። አሁን ሰላም ያለችበት ኤደንብራና አካባቢዋ የአንግሎች ነበረ፤ እነሱ ደግሞ ለእንግሊዞች ስማቸውን የሰጡት ሕዝብ ናቸው። ቫይኪንጎች በባሕር መጥተው ደሴቶቹን ያዙ። ኦርክኒና ሼትላንድማ ወደ ስኮትላንድ የገቡት በ1468 እና በ1469 ነው። የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ልጁን ለስኮትላንድ ንጉሥ ሲድር የሚሰጣት ገንዘብ ቢያጥረው፣ ደሴቶቹን መያዣ አደረጋቸው። መያዣውም ሳይፈታ ቀረ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ያደረጋቸው ዘውድ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኬኔት ማክአልፒን ፒክቶችንና ጌሎችን በአንድ ዙፋን ሥር አደረጋቸው። በ900 ገደማ አገሪቱ «አልባ» የሚል ስም ወጣላት። በጌሊክ ቋንቋ እስከ ዛሬ ስሟ ይኸው ነው።

ከዚያ 1286 መጣ። ንጉሥ አሌክሳንደር ሦስተኛ በዝናብ ሌሊት በፈረስ ሲጓዝ ወድቆ ሞተ። የቀረችው ወራሽ ኖርዌይ ያለች የልጅ ልጁ ነበረች። እሷም በ1290 ወደ አገሯ ስትመጣ መንገድ ላይ አረፈች። ዙፋኑን የሚሻ በዛ። መኳንንቱ የእንግሊዙን ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛን ዳኛ ይሁነን አሉት። እሱ በ1292 ጆን ቤሊየልን መረጠ፣ ወዲያው ግን እንደ ሎሌው አዘዘው። በ1296 አገሪቱን ወረረ፤ ነገሥታቱ ተቀምጠውበት የሚነግሡበትን የስኩን ድንጋይ ነቅሎ ለንደን ወሰደ።

የኋላውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዊልያም ዋላስ በ1297 ስተርሊንግ ድልድይ ላይ አሸነፈ፣ በ1305 ለንደን ላይ በጭካኔ ተገደለ። ሮበርት ብሩስ በ1306 ነገሠ፣ በ1314 ባኖክበርን ላይ ድል አደረገ።

እኔን ከጦርነቱ ሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ደብዳቤ ነው። በ1320 የስኮትላንድ መኳንንት ለሮማው ጳጳስ በላቲን ጻፉ። ሮበርትን ንጉሣችን ብለን ተቀብለናል አሉ። ነገር ግን እሱ ራሱ ለእንግሊዝ ሊያስገዛን ቢሞክር አባርረነው ሌላ እናነግሣለን አሉ። ከመካከላችን መቶ ሰው እስከቀረ ድረስ አንገዛም፣ የምንዋጋው ለክብር ወይም ለሀብት ሳይሆን ለነጻነት ነው አሉ። አርብሮዝ በሚባለው ገዳም ስም ይጠራል። እስቲ አስቡት፣ በ1320! ንጉሡ ለአገሩ ነው እንጂ አገሩ ለንጉሡ አይደለም ማለታቸው ነው።

ጠያቂው

ጋሼ፣ እጅ እነሣለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያ ደብዳቤ የተጻፈው በመኳንንት ነው። ገበሬውን ማን ጠየቀው? ዛሬ ስለ «ስኮትላንዳዊነት» ስናወራ ብዙው በ19ኛው መቶ ዘመን የተሰፋ ነው።

ታርታኑን፣ ያን ባለ ቀለም መስመር የሱፍ ጨርቅ፣ እንውሰድ። የጥንቱ ልብስ ሰፊ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ወገብ ላይ በቀበቶ ይታሰራል፣ የቀረው ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ማታ ተሸፋፍነው ይተኙበታል። ከእኛ ጋቢ ብዙም አይርቅም። የሚለብሱትም ደገኞቹ ነበሩ። የቆላው ሰው፣ ማለትም የግላስጎውና የኤደንብራ ነዋሪ፣ ደገኛውን እንደ ሽፍታና እንደ ከብት ሌባ ነበር የሚያየው። ደገኞች ከዙፋን የተባረረውን ንጉሥ ቤት ደግፈው በ1745 ካመፁ በኋላ መንግሥት ልብሱን በሕግ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤደንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት ዝግጅቱን መራ። ሁሉም ታርታን ለብሶ ወጣ፣ ንጉሡም ጭምር። ለየቤተሰቡ የተለየ ታርታን የሚባለው በአብዛኛው ከዚያ ዘመን ወዲህ የተደራጀ ነው። ትናንት የተናቀው የደገኛ ልብስ የመላው አገር ምልክት ሆነ። ያም የሆነው ደገኛው ራሱ ከመሬቱ እየተነቀለ በነበረበት ጊዜ ነው። ይኼ ያሳዝነኛል።

ማርታ_ሃሊፋክስ

ጠያቂው የነካው የመነቀሉ ነገር እኔ ያለሁበት ድረስ ይደርሳል። የምኖረው ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ነው። ስሙ በላቲን «አዲሲቱ ስኮትላንድ» ማለት ነው።

ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የደጋው ባለ ርስቶች ገበሬውን እያስወጡ መሬቱን ለበግ ሰጡት። በግ ከጭሰኛ የበለጠ ገንዘብ ያስገባል። ሰዘርላንድ በሚባለው ግዛት ስትራዝኔቨር ሸለቆ በ1814 የሆነው በጣም ይነገራል። ቤቶች ተቃጠሉ። ሰዉ ወደ ባሕሩ ዳር ተገፋ፣ ሌላው መርከብ ተሳፈረ። በ1816 በማቃጠሉ የተከሰሰው የባለ ርስቱ ወኪል ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ተባለ። ጭሰኛው መሬቱ ላይ የመቆየት መብት በሕግ ያገኘው በ1886 ነው።

እዚህ ኬፕ ብሬተን የሚባል ደሴት አለ። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ ጌሊክ የሚናገሩ አሉ። አንዴ በጋ ላይ ሄጄ አሮጊቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየዘፈኑ የሱፍ ጨርቅ ሲደበድቡ አየሁ። ቃሉ አልገባኝም። ግን እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው መጣብኝና አለቀስኩ።

የግላስጎው_ነዋሪ

ጠያቂው፣ ስለ ታርታኑ ያልከው ልክ ነው። ግን «የተሰፋ ነው» ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሕዝብ ምልክቱን ይመርጣል። ከመረጠው በኋላ ደግሞ ለሠርጉም ለለቅሶውም ይለብሰዋል። አሁን ወጣቱ ሠርጉን ኪልት የሚባለውን የታርታን ጉርድ ለብሶ ሲያደርግ ስለ 1822 አያስብም። አያቱን ነው የሚያስበው።

ዳዊት_ለንደን

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ስኮቶች ሁሉ «ከእንግሊዝ እንውጣ» የሚሉ አይምሰላችሁ። በመስከረም 2014 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 55 በመቶው አንድ ላይ እንቆይ ብሏል። 45 በመቶው ነው እንለይ ያለው። ከመራጩ 84.6 በመቶ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። የሚሠሩ፣ የሚያስቡ፣ የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

ደግሞ 1707ን እንግሊዝ በጉልበት ያደረገው ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም። ስኮትላንድ በ1698 ፓናማ ዳርየን ላይ የራሷን ቅኝ ግዛት ልትመሠርት ሞክራ ነበር። ሀብታሙም መካከለኛውም ያለውን አዋጣ። ወደ 2,000 ሰው በወባና በረሃብ አለቀ፣ በ1700 ቦታው ተተወ። አገሪቱ ኪሷ ባዶ ሆነ። በውሉ ላይ እንግሊዝ ወደ 398,000 ፓውንድ ልትከፍል ተስማማች፤ የዳርየን ባለ አክሲዮኖች ከዚያ ካሳ አገኙ። ሕዝቡ በኤደንብራና በግላስጎው መንገድ ላይ ወጥቶ ተቃውሟል፣ እሱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የእንግሊዝ ገበያ ተከፈተላቸው። ኢኮኖሚስቱ አዳም ስሚዝና ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም የወጡት ከዚያ ዘመን ነው።

ጠያቂው

ገበያው ምን እንደነበር እንናገራ። ግላስጎው የከበረችው ባሮች ባመረቱት ትምባሆና ስኳር ነው። መሐል ከተማ ገብታችሁ የመንገድ ስም አንብቡ፦ ቡካናን፣ ግላስፎርድ፣ ጃማይካ። የትምባሆ ነጋዴዎች ስምና የንግዳቸው ደሴት ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ንግድ መጠቀሙን አምኖ በ2019 ከዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ስምምነት ፈርሟል።

መቅደላ ላይም ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ላይ የመጣውን ጦር «እንግሊዝ» እንለዋለን። ውስጡ ግን 26ኛው እግረኛ ሬጅመንት፣ ካሜሮኒያንስ የሚባለው የስኮት ጦር ነበር። «አቢሲኒያ» የሚለውን ቃል እንደ ሜዳልያ ሰንደቁ ላይ ጽፎ ኖሯል። እዚህ ክር ላይ «ስኮትን እንግሊዝ አትበሉ» ከተባለ፣ መቅደላ ላይም እንግሊዝ ብቻ አንበል።

የቄስ_ልጅ

ጠያቂው ላነሣው አንድ ነገር ልቀጥል። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት ኤደንብራ ውስጥ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባል ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ በ2001 ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ማንም ሳያስገድደው መለሰው። በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታና በዕንባ ተቀበለው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነበር። ሰላም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፕሪንሰስ ስትሪት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ስታልፊ እኔንም አስቢኝ።

ሌላ ደግሞ ስለ ያዕቆብ። የእንግሊዝኛው «ጄምስ» በላቲን ያኮቡስ ነው፣ ያው ያዕቆብ። በ1688 ከዙፋን የተባረረውን የንጉሥ ጄምስን ቤት የደገፉት «ጃኮባይት» የተባሉት ለዚህ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የያዕቆብ ወገኖች ማለት ነው። ያ የስኩን ድንጋይም በአፈ ታሪካቸው ያዕቆብ በቤቴል የተንተራሰው ድንጋይ ነው ይባላል።

እኛ ጋ የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ያው ነው። «ያጎቤ» ይሉኝ ነበር ብሎ ጽፏል።

ጋሽ_መምህር

የቄስ ልጅ፣ ተባረክ። ብሩስን ካነሣኸው ለሰላም ጥያቄ እሱ ራሱ ጥሩ መልስ ነው።

ጄምስ ብሩስ በ1730 ስተርሊንግ አጠገብ ኪኔርድ ተወለደ። ዘሬ ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ ወገን ነው ብሎ የሚኮራ ሰው ነበር። በ1746 ከለደን በሚባለው ሜዳ ላይ የያዕቆብ ወገኖች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ውጊያ ሲደመሰሱ የ15 ዓመት ልጅ ነው። (በዚያ ውጊያ ከመንግሥት ጎን የተሰለፉ ስኮቶች ብዙ እንደነበሩም አትርሱ። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጦርነት አልነበረም።) በ1769 ምጽዋ ደረሰ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ግሽ ዓባይ ምንጩ ላይ ቆመ። ከሱ በፊት ፖርቱጋሎች በሚልኩት ሚስዮን የመጣው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር፤ የአገሩ ሰውማ ሁልጊዜም ያውቀዋል። ብሩስ ምን አደረገ? ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ጽዋ ከምንጩ ቀዳና ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ።

እዩት እንግዲህ። በደሙ የባኖክበርን ብሩስ ነው። በፖለቲካው የለንደኑ ንጉሥ ታማኝ ነው። ሁለቱ በልቡ አልተጣሉበትም። ለ1700ዎቹ ስኮት ይኼ የተለመደ ነበር። ስኮትነት ቤቱ ነው፣ ብሪታኒያዊነት ሥራውና እንጀራው። የብሪታንያ ቅኝ ግዛት በ20ኛው መቶ ዘመን ሲፈርስ፣ መርከብ መሥሪያውና የከሰል ማዕድኑ ሲዘጋ፣ እንጀራው ሳሳ። ቤቱ ግን አልጠፋም። ለዚህ ይመስለኛል ሚዛኑ ያጋደለው።

የግላስጎው_ነዋሪ

ጋሼ፣ ያሉት ሚዛን በቁጥር ይታያል። በ2022 በተደረገው ቆጠራ «ስኮትላንዳዊ ብቻ ነኝ» ያለው 65.5 በመቶ ነው። «ስኮትላንዳዊም ብሪታኒያዊም» ያለው 8.2 በመቶ። በ2011 እኮ ይኼ ሁለተኛው 18 በመቶ ነበር። «ብሪታኒያዊ ብቻ» ያለውም ከፍ ብሎ 13.9 ደርሷል። መሐሉ ነው የቀጠነው።

በ1997 ድምፅ ከሰጠው 74 በመቶው ይመለስ ብሎ በ1999 የስኮትላንድ ፓርላማ ተመለሰ። በ2016 ስኮትላንድ ከአውሮፓ ኅብረት አንውጣ ብላ 62 በመቶ መረጠች፣ ግን ከሌላው ጋር ወጣች። ዛሬም ቁስሉ አልዳነም።

እኔን የነካኝን ልንገራችሁ። በ2014 ድምፅ የሚሰጠው እዚህ የሚኖር ነው ተባለ። ለንደን የሚኖር ስኮት አይመርጥም። ግላስጎው የሚኖር ፖላንዳዊ ይመርጣል። እኔ ያኔ ዜግነት አልነበረኝም፤ አገሬም ከኅብረቱም ከኮመንዌልዙም ውጭ ስለሆነች አልመረጥኩም። በ2020 ግን ፓርላማው ሕግ አወጣ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሁሉ፣ ስደተኛም ቢሆን፣ ለስኮትላንድ ፓርላማ ይመርጣል። ሜይ 6 ቀን 2021 ሄጄ መረጥኩ። በሕይወቴ ሙሉ ልቤ አምኖ የሰጠሁት የመጀመሪያ ድምፅ ነው።

በሳምንቱ፣ ሜይ 13፣ የኢድ ቀን፣ እዚሁ ግላስጎው ኬንሙር ስትሪት ላይ የኢሚግሬሽን መኪና ሁለት ሰዎች ይዞ ሊሄድ ሲል ጎረቤቱ ወጥቶ ከበበው። ስምንት ሰዓት ያህል ቆሙ። «ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ልቀቋቸው» እያሉ። ተለቀቁ።

ሕይወት_አበርዲን

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ደስ ይላል። ግን ከመጠን በላይ አናሳምረው። እኔ አበርዲን አውቶቡስ ውስጥ ከነልጄ ተሰድቤያለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት መስኮቱን ነው ያየው። ሕግ ሌላ ነው፣ ሰው ሌላ ነው።

ልጄ ግን ራሷን «ስኮቲሽ» ትላለች። ማንም አላስተማራትም። የምትናገረውም ስኮትስ የሚቀላቀልበት ነው። «አዎ» ለማለት «አይ»፣ «ታውቃለህ?» ለማለት «ኬን?»፣ ሕፃኑን «ቤርን» ትላለች። መጀመሪያ የተበላሸ እንግሊዝኛ መስሎኝ አርም ነበር። መምህሯ ጠርታ «የራሱ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ ነው፣ ተያት» አለችኝ። ሂዩም ከላይ ተነሥቷል አይደል? ያ ታላቅ ፈላስፋ እንኳ በጽሑፉ ውስጥ ስኮትስ እንዳይገባበት የቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር። በቋንቋው አፍሮ ማለት ነው። በ2022ቱ ቆጠራ ስኮትስ በተወሰነ ደረጃ የሚችል 46 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጌሊክ ግን 2.5 በመቶ ብቻ። በ2025 ፓርላማው ሁለቱንም ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ሕግ አጽድቋል።

አሁን ልጄን አላርማትም።

ሰላም_ኤደንብራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትናንት ማታ ተረኛ ነበርኩ። ለእሳቸው ሻይ ይዤ ገባሁና ይቅርታ ጠየቅኩ። ጭራሽ ረስተውታል። እኔ ብቻ ነበርኩ የተጨነቅኩት።

የት ተወለዱ አልኳቸው። ሉዊስ ደሴት አሉኝ። እስከ አምስት ዓመታቸው እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። እናታቸው የምትናገረው ጌሊክ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህሩ ምን እንደሚል አልገባቸውም፤ የመጀመሪያውን ወር ዝም ብለው ተቀመጡ። እዚህ ቤት ጌሊክ የሚያናግራቸው ሰው የለም። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ቋንቋውን የሚናገሩት በህልማቸው ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ።

«እንደምን አመሸሽ» በጌሊክ እንዴት ይባላል አልኳቸው። «ፌስከር ማ» አሉኝ። አስደገሙኝ። አሁንም ልክ አላልኩትም፣ ግን ሻዩን ጨረሱት።

ስለ ብሩስና ስለ ግሽ ዓባይ ነገርኳቸው። ስሙን ያውቁታል፣ ጎንደር መኖሩን አያውቁም ነበር። የእኔ እናት ጎንደር ናት ስላቸው አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

የቄስ_ልጅ

ሰላም፣ የቅዱስ እንድርያስ በዓላቸው ኖቬምበር 30 ነው። አገሪቱ በሙሉ የምታከብረው ጠባቂ ቅዱሷ ነው። በእኛ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ትውላለች። ያን ቀን ሥራ ነሽ?

ሰላም_ኤደንብራ

ከሰዓት ነኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እሳቸው ጋ። ድፎ ዳቦ ጋግሬ እወስዳለሁ ብያለሁ።